ግራ እግሬ ሥራ ፈታ

መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሦስት ጎረምሶች አንዲት አሮጌ ኮርቬት ከበው ቆመዋል። ቁልፉ እጃቸው ላይ ነው፤ ደፍሮ የሚገባ ግን ጠፋ። እኔን ሲያዩ «ጋሼ፣ ማንዋል ናት!» አሉኝ፣ እባብ ያዩ ይመስል። ይኸው ነው የዋሽንግተን ማዕረጌ፤ በዚህ ዕድሜዬ ፍሪሲዮን ለመርገጥ እጠራለሁ።

በእኛ ጊዜ ካምቢዮ የሚፈራ ሰው ነበር እንዴ? ቢፈራ እንኳ በቂ ምክንያት ነበረው። ፈረንሳዮቹ ፓናርና ሌቫሶር በ1890ዎቹ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ተንሸራታች ማርሽ ሲያመጡ ጥርስ ከጥርስ እየተፋጨ ነበር የሚገባው። ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ እየረገጠ፣ ሞተሩን በጆሮው እያዳመጠ ያስማማቸዋል። በ1928 ካዲላክ ሲንክሮናይዘር አመጣ። ጥርሶቹ ከመገናኘታቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስታርቅ ሽማግሌ በሉት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ስንፍና የተጀመረው ያን ቀን ነው።

ደግነቱ በ1960ዎቹ ወንድ የሆነ ካምቢዮ ተሠራ። ጄኔራል ሞተርስ ኤም22 ያለውን ባለ አራት ማርሽ አሜሪካኖቹ «ድንጋይ ፈጪ» አሉት። ጉልበት እንዲችል ብለው የጥርሶቹን ዘመምታ ስለቀነሱ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራ ነበር። ሌላው ካምቢዮ ሲጮህ ጋራዥ ይወሰዳል፤ እሱ ሲጮህ ዝናው ጨመረ።

ዛሬስ? ካምቢዮና ፍሪሲዮን የሚሉትን ቃላት ያወረሱን ጣሊያኖች እንኳ ከዱን! ፌራሪ በ1989 የውድድር መኪናው መሪ ጀርባ ላይ የማርሽ መቀየሪያ ገጠመ፤ ብራዚል ላይ በመጀመሪያው ውድድር አሸነፈበት። በ1997 ይህንኑ ወደ መንገድ መኪና አወረደው፤ ቆይቶም ዘንጉን ጭራሽ ነቀለው። ቃሉ ለእኛ ቀረ። ፖርሽ በ2013 ጂቲ3ን ያለ ፍሪሲዮን ፔዳል ሲያወጣ ገዢዎቹ አጉረመረሙ፤ በ2017 ማንዋሉን መለሰላቸው። ማጉረምረም አይጠቅምም የሚለኝ ካለ ይህን ይስማ።

ኮርቬትማ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ማንዋል የላትም። «ዘሯን ካደች!» ብዬ ቤት ውስጥ ስጮህ የልጅ ልጄ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «አባባ፣ በ1953 ስትወለድ እኮ ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ ብቻ ነበረች። ማንዋል ያገኘችው በ1955 ነው» አለኝ።

ዝም አልኩ። እንዲህ ያለውን ነገር ማን እንዳስተማረው አጣርቼ እደርስበታለሁ።

ለማንኛውም፣ የጎረምሶቹን ኮርቬት አንደኛ አስገብቼ፣ አንዴም ሳላንገጫግጭ ቦታዋ ላይ አቆምኳት። አጨበጨቡልኝ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁና ጥግ ላይ ወዳለችው የራሴ መኪና ሄድኩ።

እሷ አውቶማቲክ ናት። የገዛኋት እኔ ሳልሆን ጉልበቴ ነው። ግን ቀይ መብራት ባየ ቁጥር ግራ እግሬ ምንጣፉን ይረግጣል።