ከፍሎ ሾፌር መሆን

እኛ ስንጫወት ደስታው የት ላይ እንዳለ ይታወቅ ነበር። ገበጣ ከሆነ የሰውየውን ጉድጓዶች ባዶ ታስቀርበታለህ። ገና ከሆነ ሩሯን ትለጋለህ፤ ሩሯ ብትስትህ የባላጋራህ ቅልጥም አይስትህም፤ በገና ቀን ደግሞ ጌታም ቢሆን መቆጣት ነውር ነው። ታሸንፋለህ፣ በተሸነፈው ላይ እስከ ጥምቀት ትስቅበታለህ፣ አለቀ።

አሁን እዚህ ለገጣፎ፣ ከደጄ ፊት ለፊት ያለችውን የቆርቆሮ ቤት ገብታችሁ እዩ። ፕሌይስቴሽን ቤት ይሏታል። ጩኸቷ ስለማያስተኛኝ ሳልፈልግ ምሁሯ ሆኛለሁ።

ፊፋ የሚጫወቱትስ ይገቡኛል። (ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2023 የጨዋታውን ስም ቀይሮታል አሉ፤ ወሬው ለገጣፎ አልደረሰም፣ ዛሬም ፊፋ ነው።) የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ጆይስቲኩን እንደያዘ ይቀጥላል። ጎል ሲገባ ቆርቆሮው እስኪነቃነቅ ይጮኻሉ። በዘጠናኛው ደቂቃ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሒሳቡ የማን ነው በሚለው ተጣልተው ሽማግሌ ይጠራሉ። ሽማግሌው እኔ ነኝ። እልህ አለበት፣ ስድብ አለበት፣ ዕዳ አለበት፤ ይህ ጨዋታ ነው።

የማይገቡኝ የቀሩት ናቸው። ጥግ ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ አለ፤ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ይጫወታል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ፣ ልጁን በዕድሜ የሚበልጠው ጨዋታ ነው። መኪና ሰርቀህ ከፖሊስ የምትሸሽበት ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። ይህ ግን መኪናዋን ይሰርቅና ሬዲዮ ከፍቶ በዝግታ ባሕር ዳርቻውን ይዞራል። «ሥራህን አትሠራም?» ስለው «ዝም ብዬ እየዞርኩ ነው ፋዘር» አለኝ። ከፍሎ ዝም ብሎ መዞር! ለገጣፎ ላይ እኮ ዝም ብሎ መዞር በነጻ ነው።

ሌላው በስልኩ ፐብጂ ይጫወታል። መቶ ሰው ወርዶ የሚታኮስበት ደሴት ላይ ሆኖ ጅዳ ካለው የአጎቱ ልጅ ጋር ስለ እናቱ ደም ግፊት ያወራል። «ጨው ቀንሳለች፣ መድኃኒቱንም... ኧረ ገደሉኝ! እና መድኃኒቱንም በሰዓቱ ትወስዳለች።» ሞቶም ወሬውን አያቋርጥም።

የአገራችን ልጆች የሠሩት ኩኩሉ የሚባልም አለ፤ ቅኔ የሚባል የአዲስ አበባ ድርጅት ነው የሠራው። ዶሮ ትባረራለች። ተጫዋቹ ግን አባራሪው አይደለም፣ ዶሮዋ ነው! በፋሲካ ዋዜማ በየጓሮው ዶሮ ስናባርር ላደግን ሰዎች ይህ ክህደት ነው።

ዩኒቨርሲቲ የገባው የልጅ ልጄ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ሪቻርድ ባርትል የሚባል እንግሊዛዊ አለ አለኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ከጓደኛው ጋር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሥዕል የሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወተው ጨዋታ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ተጫዋቾችን በአራት ከፈላቸው፤ ነጥብና ማዕረግ የሚያሳድድ፣ አገር የሚያስስ፣ ለወሬ የሚመጣ፣ ሌላውን እያበሳጨ የሚደሰት። አራተኛውን ስሰማ ተጽናናሁ። ገና ተጫዋች ማለት እሱ ነው፤ እንግሊዙም ያውቀናል።

ሰውየው ግን አንዱን ዘሎታል፤ ራሱን የልጅ ልጄን።

ከፕሌይስቴሽኖቹ ጎን አንዲት ኮምፒውተር አለች። እሷ ላይ ተቀምጦ የጭነት መኪና ይነዳል። ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 ይባላል፤ ቼኮች ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ነው። ይጭናል፣ ከአንዱ የአውሮፓ ከተማ ወደ ሌላው ያደርሳል። ቀይ መብራት ከጣሰ ይቀጣል፣ እንቅልፍ ከመጣበት ዳር ይዞ ይተኛል፣ የራሱን መኪና ለመግዛት ከባንክ ይበደራል። በጨዋታ ይበደራል እኮ! ጠላት የለ፣ ጎል የለ። ተሳቢውን ወደ ኋላ ሊያስገባ ምላሱን ነክሶ ሩብ ሰዓት ይታገላል፤ ሲገባለት ፊቱ ይፈካል። የጫነው ምን እንደሆነ ስጠይቀው እንኳ አያስታውስም።

እኔ በኤንትሬ ፊያት የአሰብን መንገድ የበላሁ ሰው ነኝ። ይኸው ከሰፈራችን የሚያልፈው አስፋልት ነበር መንገዳችን፤ ሰንዳፋ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማበር፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ከዚያ ወዲያ እሳት ነው። በቀን ከነዳህ ጎማ ይፈነዳል፣ በሌሊት ከነዳህ እንቅልፍ ይጥልሃል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነስቶ አሰብ እስኪቀር ድረስ ደመወዝም አበልም እየተቀበልኩ በየኬላው ሳማርር ኖርኩ። ይህ ልጅ ያንኑ ሥራ በሰዓት እየከፈለ ይሠራዋል! ዳገት ላይ ቢቆም ታኮ የሚያደርግለት ረዳት እንኳ የለው።

«ምኑ ነው ደስ የሚለው?» ብለው «ያረጋጋል አባባ» አለኝ። ያረጋጋል! ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ለዘላለም የተረጋጉትን እኔ አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቆሜ ሳየው ጭነቱን እንደያዘ ከተራራ ይወርዳል፤ ማርሹ ከፍተኛ፣ እግሩ ፍሬን ላይ። እንዴት ዝም ይባላል? «አንተ ልጅ፣ ማርሽ ቀንስ! በፍሬን ብቻ አይወረድም፣ ይግልብሃል!» ስል ፊፋዎቹ ሳይቀሩ ዞሩ። የልጅ ልጄ ፍሬኑ በጨዋታው እንደማይሸት ነገረኝ። የማይሸት ፍሬን ምን ፍሬን ነው? ሽታው ነው የሚያስጠነቅቅህ።

«ፋዘር፣ እርስዎ ይንዱልን እስቲ» ብለው ወንበሩን ለቀቁልኝ። ወንበሩ የፕላስቲክ ነው፣ መሪው ኪቦርድ ነው። አበሉ ስንት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሁሉም ሳቁ፤ መልስ የሰጠኝ ግን የለም።