አባባ፣ ላክልኝ

እዚህ ጅቡቲ፣ እኔ ቤት «ገንዘብ ስጠኝ» የሚል ልጅ ከጠፋ ሰነበተ። አሁን የሚባለው «አባባ፣ ላክልኝ» ነው። የት ልላክልህ? እዚሁ አጠገቤ ተጋድመህ የለም እንዴ! ከእኔ ወንበር እስከ ጎረምሳው ፍራሽ ሦስት እርምጃ ነው፤ እሱ ግን ስልኩን ብድግ አድርጎ ያሳየኛል። በዲ-መኒ ወይ በዋፊ ጣል አድርግልኝ ማለቱ ነው። ከኪሴ የሺህ ፍራንክ ኖት ስዘረጋለት እንደ ሙዚየም ዕቃ ገልብጦ ያየውና «ይኼን ደግሞ ማን ይዘረዝርልኛል?» ይላል።

ልቅሶዬ በስልኩ አይደለም። አገር ቤትም ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ከመጣ ወዲህ ኖት መቁጠር የሽማግሌ ሥራ ሆኗል አሉ፤ ይሁን። የሚያስለቅሰኝ፣ ሲመጣ ያላዩትን ገንዘብ ሲሄድም አለማየታቸው ነው። ኪስ ሲሳሳ እጅ ያውቃል፤ ስልክ ግን ሞላም ጎደለም ክብደቱ ያው ነው። ላም አለኝ በሰማይ ብሎ የተረተው ሰው እዚሁ ሰፈራችን፣ አምቡሊ፣ ሳይኖር አልቀረም።

በየዓመቱ መጋቢት ላይ በዓለም ዙሪያ ለልጆችና ለወጣቶች ተብሎ የሚከበር የገንዘብ ሳምንት አለ። አንድ ሳምንት! ጫት ዓመቱን ሙሉ ተሰጥቶታል። ቀትር ላይ የአገር ቤቱ ጭነት ሲገባ ሰዓት የሌለው ሁሉ ሰዓት ያውቃል፤ እርጥብ ጆንያ የለበሰው ጠረጴዛ ይከበባል። ከዚያ አባትየው ጉንጩን ወጥሮ ይቀመጥና ልጁን «ቁጠባ ነው የሚያዋጣህ!» ይለዋል። ልጁም ጉንጩን እያየ ይሰማል።

እኔ እንኳ አልቅምም፣ ምክር ግን አበዛ ነበር። ምክር በነፃ ስለሆነ ማንም አላነሳውም። ስለዚህ ትምህርቱን ቀየርኩት። ተማሪዎቼ ሦስት የልጅ ልጆች ናቸው፤ የስምንት፣ የአሥራ ስድስትና የሃያ ሦስት ዓመት።

ለትንሿ የኒዶ ጣሳ ክዳኑን ቀድጄ ሰጠኋት። የጅቡቲ ሃምሳና መቶ ፍራንክ ላይ ግመሎች አሉ፣ አሥርና ሃያው ላይ ጀልባ። ለእሷ ገንዘብ ማለት ግመል ነው፤ ጀልባ ስትሰጧት ፊቷ ይጠቁራል። አንድ ቀን ጣሳውን ገልብጠን ስንቆጥር ጎደለ። ሌባ ገባ ብዬ ቤቱን ሳምስ፣ ከትራሷ ሥር ደብተር አወጣች። የጎረምሳው ስም ተጽፏል፤ አጠገቡ አራት ግመል ተስሏል፣ ከፊት ለፊቱ አምስት ግመል። «አራት ወስዷል፣ አምስት ይመልሳል» አለችኝ፣ ምን ይገርምሃል በሚል ዓይን። ቆጣቢ ላሳድግ ብዬ አራጣ አበዳሪ! ሙስሊሙ ጎረቤታችን ሰምቶ ከሣቀ በኋላ አስቀምጦ መከራት፤ ወለድ ሐራም ነው፣ ያበደሩትን ያህል ብቻ መቀበል ነው አላት። በሞቴ፣ ልጅቱ ሰማችው። አምስተኛውን ግመል ሰረዘችና ከታች «ስጦታ» ብላ እንደገና ሣለችው።

ትልቁ ወደብ ላይ ተቀጥሯል። ደመወዙ በወሩ አንድ ይገባል፤ በአሥረኛው ቀን ፋቲሓው ተቀርቶለታል። እሱን ዕቁብ አስገባሁት። አሥራ ሁለት ሰው፣ በወር አሥር ሺህ ፍራንክ፤ ሰብሳቢዋ እንጀራ የምትሸጥ እትዬ ናት። የመጀመሪያው ዕጣ ለማን ይውጣ? ለእሱ! መቶ ሃያ ሺህ ፍራንክ በአንድ ጊዜ ታቀፈ፤ ሳምንት ሳይሞላው ስልክና ጫማ ሆነ። ቀሪው አሥራ አንድ ወር ደግሞ የተማረበት ነው። ከባንክ ብትበደር ደብዳቤ ይመጣል፤ እዚህ ግን እትዬ ራሷ ትመጣለች፣ ደመወዝ በገባበት ማታ፣ በሩ ላይ፣ ነጠላዋን አጣፍታ። ዋሱ እኔ ስለሆንኩ መጀመሪያ የምትጠራው እኔን ነው። ሦስተኛው ወር ላይ ልጁ ከሷ ቀድሞ ቤቷ ድረስ ሄዶ ከፈለ። እኔ በሃያ ዓመት ጭቅጭቅ ያላገኘሁትን ሥርዓት እሷ በሦስት ጉብኝት አስገባችው፤ ይኼ አልቆጨኝም ብል ዋሸሁ።

ጎረምሳው ግን ቀንበሬ ነው። «ቆጥብ» ስለው «በምን? በብር ወይስ በፍራንክ?» ይለኛል። ምን ልበለው? የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሯል፤ ከ1973 ወዲህ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው፣ ውልፍት የለም። ብራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ገበያ ይወስንለት ተባለና፣ በባንክ 57 ገደማ የነበረው ዶላር ጥቂት ወራት ሳይሞላው 100ን ተሻገረ። ለድሬዳዋ ቤት መሥሪያ ብር በብር ላይ ሲደራርብ የኖረ ወዳጄ አጠገባችን ነበር፤ ልጁ ይህን ሲያሰላ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። መሀል ከተማ ቦርሳቸውን ታቅፈው የሚቀመጡት መንዛሪ ሴቶች፣ ሳሪፍሌዎቹ፣ ጋ እንዲሄድ ነገርኩት። ሒሳቡ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው፤ ከእኔ ይሻሉታል። «ደግሞስ» አለኝ፣ «አገሩ ራሱ በኪራይ አይደል የሚኖረው?» በኤርፖርቱ በኩል ያለውን የአሜሪካኖቹን ካምፕ ሌሞኒዬ ማለቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በተፈረመው ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ይከፈልበታል። እኛ የምናከራየው ሜዳ የለንም ብዬ ዘጋሁት።

ይኼው ልጅ ክሊሙን፣ አየር ማቀዝቀዣውን ማለቴ ነው፣ ከፍቶ፣ መስኮቱንም ከፍቶ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ የሚተኛ ነበር። መብራቱ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያም ይመጣል፤ ለወገን ተብሎ ግን የሚቀነስ ነገር የለም። አንድ ቀን የወሩን የመብራት ገንዘብ በኖት ቆጥሬ በፖስታ ሰጠሁት። ቢሉን አንተ ትከፍላለህ፤ የተረፈው ያንተ ነው፣ የጎደለውን ከኪስህ ትሞላለህ አልኩት። በመጀመሪያው ወር ሞላ፤ ጣሳ ጋ ሄዶ ግመል የተበደረውም ያኔ ነው።

ከሁለተኛው ወር ወዲህ ቤቱን አላውቀውም። የክሊሙን ሪሞት ኪሱ ይዞት ይዞራል። ፍሪጅ ከፍቼ ቆም ስል ያስላል። ከሰዓት፣ ሙቀቱ አርባን አልፎ፣ ኸምሲን አሸዋውን በር ላይ ሲያራግፍ፣ ክሊሟን ብትከፍታት ስለው ቆጣሪው ጋ ወጥቶ አይቶ ይመለስና «አባባ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ታገስ» ይለኛል። ከፖስታው የተረፈውን በኖት ነው የሚያስቀምጠው፤ ላክልኝ ማለቱንም ትቷል።

እንግዲህ አምቡሊ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ክሊሙን የሚከፍትና ገንዘብ አያያዝ ያልተማረ ልጅ ያለው ጎረቤት ካለ፣ ወንበሬን ይዤ ብመጣ ቅር እንዳይለው።