ሞኝነትን ላወድስ

ብልህ ሰው ዘፈን የሚሰማው ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው። ድምፁ የጠራ፣ ወንበሩ የተመቸ ነው፤ ያልወደደውን አልፎ የወደደውን ይደግማል። እኔ የማወድሰው ያንን ሌላውን፣ በቃሉ የሚያውቀውን ዘፈን ሊሰማ ገንዘብ ከፍሎ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳውን ሞኝ ነው። ሞኝነቱ ትክክል ነው እላለሁ፤ የምለውም ከልቤ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ኦገስት የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ፍሊት ፎክስስ የተባለውን የሲያትል ባንድ ለማየት ከቦስተን ወደ ኒውፖርት ተነሣሁ። ያኔ የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነበር። ዳቦና ውኃ በፌስታል ስቋጥር አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ መኪናህ ውስጥ ቀን ከሌት የሚዘፍኑት እነሱ አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ጎድሎህ ነው የምትሄደው?»

መልስ አልነበረኝም። ሲዲያቸው በ2008 ከወጣ ጀምሮ ከማጫወቻው ወርዶ አያውቅም።

የሚዘፍኑበት የኒውፖርት የፎክ ሙዚቃ በዓል የተጀመረው በ1959 ነው። በ1965 ቦብ ዲላን የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ወጥቶ ከሕዝቡ መካከል ብዙዎች በተቃውሞ የጮኹበት በዓል ይኸው ነው። ዛሬ የሚካሄደው ፎርት አዳምስ በሚባል የድንጋይ ምሽግ ግቢ ነው፤ ባሕር ወደ ውስጥ በገባበት ዳርቻ። ትኬት ያልገዙ ሰዎች ጀልባቸውን እዚያው ውኃው ላይ አቁመው ያዳምጣሉ። እኔ ሣሩ ላይ ምንጣፍ አንጥፌ፣ ፀሐዩ አናቴን እየበላኝ፣ ሰዓታት ጠበቅሁ።

አሁን ዋናው ነገር። እኛ አገር አብዛኛውን ጊዜ ሰው ተሰብስቦ ሲያዜም ሁሉም አንዱን ዜማ ይይዛል፤ መቶ ሰው ቢሆንም ዜማው አንድ ነው፤ ኃይሉም ከዚያ ይመጣል። የእነዚህ ልጆች አዘፋፈን ሌላ ነው። መሪ ድምፃዊው ሮቢን ፔክኖልድ ዋናውን ሲይዝ ሌላው ከላይ፣ ሌላው ከታች የየራሱን መንገድ ይሄዳል፤ ግን ማንም ማንንም አይጥለውም። «ዋይት ዊንተር ሂምናል» የሚጀምረው ያለ መሣሪያ ነው፤ አንዱ ድምፅ ከፍቶ ሌሎቹ በየተራ እየተቀባበሉ ይገባሉ። በሲዲ ስሰማው ያማረ ነገር መሆኑን እንጂ አደጋ እንዳለበት አላውቅም ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ የተሳሳተ እንደገና ይቀዳል። ሜዳ ላይ ግን አንዱ አፍታ ቢዘገይ፣ አንዱ በግማሽ ድምፅ ቢወርድ፣ የሁሉም ሥራ ይፈርሳል። ስለዚህ ሲዘፍኑ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ያኔ ከበሮ መቺያቸው የነበረው ጆሽ ቲልማን እጁ እየሠራ አፉ ከእነሱ ጋር ነበር። ነፋስ ከባሕሩ ተነሥቶ ቀጭኖቹን ድምፆች ወሰደብን፤ ከዚያ መለሰልን። አብረው ሲተነፍሱ ማየት በሲዲ የለም። ጎድሎኝ የነበረው ያ ነው፤ ለእትዬ መንገር ያቃተኝም ያንን ነው።

የኒውፖርት ሰው ከዚህ የባሰ ሞኝነትም አለው፤ እሱንም አደንቃለሁ። በኋለኞቹ ዓመታት ማን እንደሚዘፍን ሳይነገር ትኬቱ ያልቃል። በ2022 እንዲህ በጭፍን ከፍለው የገቡ ሰዎች ጁላይ 24 ቀን መድረኩ ላይ ዘፋኟን ጆኒ ሚቸልን አዩ። ስሟ ፕሮግራሙ ላይ አልነበረም። በ2015 አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ መናገርንና መራመድን እንደ አዲስ ተምራለች፤ በኒውፖርት መድረክም ከ1969 ወዲህ አልዘፈነችም ነበር። አስተዋዩ ሰው ዝርዝሩ እስኪወጣ ሲጠብቅ ያ ቀን አመለጠው።

የፍሊት ፎክስስን ሲዲ ሽፋን ያየ ሰው ይህ ሁሉ ሞኝነት እንግዳ አይሆንበትም። ሥዕሉ ፒተር ብሩገል በ1559 የሣለው ነው፤ ከመቶ በላይ የፍላንደርስ ተረትና ምሳሌ በአንድ መንደር ሰዎች ድርጊት ተመስሎበታል። አንዱ ግንብ በጭንቅላቱ ይመታል፤ አንዱ ለአሳማ አበባ ይበትናል፤ አንዱ ጥጃው ሰምጦ ከሞተ በኋላ ጉድጓዱን ይደፍናል። የሰው ቂልነት ሁሉ እዚያ አለ፤ ሠዓሊው ግን ለእያንዳንዱ ቂል ፊትና ልብስ ሰጥቶ፣ ጊዜ ወስዶ ነው የሣለው።

ያን ቅዳሜ ሲመሽ ቤት ገባሁ። እትዬ አልተኙም። የጠዋቱን ጥያቄ አልደገሙትም፤ ስለ ራሳቸው ነገሩኝ። በልጅነታቸው ለመስከረም 21 ንግሥ ከእናታቸው ጋር ቀናት በእግር ተጉዘው ግሸን ወጥተዋል። «ማርያም እኮ ሰፈራችንም ነበረች» አሉ። «ግን ያ ሁሉ ሰው ባንድ ላይ እልል ሲል...» ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ዘፈንን ከንግሥ አላስተካክልም፤ እሳቸውም አላስተካከሉም።

ከዚያ ሲዲውን አምጣ አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ብዙ ጊዜ አገላበጡት። ጣታቸውን ጉድጓድ የሚደፍነው ሰውዬ ላይ አሳርፈው «ይሄ ምን እያደረገ ነው?» አሉ። ነገርኳቸው።

«አሃ» አሉ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነዋ።» ሲዲውን አወጡና ሰጡኝ። «በል ክፈተው፤ ከፍ አድርገው።»