ሽቦውን ማን ጠመዘዘው?

ስለ ኤሌክትሪክ ምንም ባላውቅ ኖሮ መኪናዬ ጤነኛ ትሆን ነበር። የጎዳኝ ትንሽ ማወቄ ነው። ተማሪ ሳለሁ ፊዚክስ እወድ ነበር፤ ይህንንም ሳልጠየቅ ላገኘሁት ሁሉ፣ ለጎሚስታው ሳይቀር፣ ስናገር ኖሬአለሁ። ቤታችን አምፖል ሲቃጠል ግን ባለቤቴ የምትጠራው የጎረቤታችንን ልጅ ነው። እኔ መሰላል ላይ ከወጣሁ የግቢው መብራት በሙሉ እንደሚሄድ በልምድ ታውቃለች።

መኪናዬ ቮልስ ናት፣ እ.ኤ.አ. የ1971 ሥሪት። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የያዘ ሰው መንገድ ላይ ብቻውን አይቆምም። ቀጥ ባለች ቁጥር የሚከበኝ ሰው ሁሉ ወይ አባቱ፣ ወይ አጎቱ፣ ወይ የድሮ አስተማሪው ቮልስ ነበራቸውና ምክር አያጣም። እኔ ደግሞ ምክር አልሰማም። የገዛኋት በሒሳብ ሠራተኝነት ጡረታ ከወጡ ሽማግሌ ነው። ከቁልፉ ጋር አንድ ደብተር አስረከቡኝ፤ ዘይት የተቀየረበት፣ ቫልቭ የተስተካከለበት፣ ፑንቲና የተለወጠበት ቀን በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ የሰፈረበት። «ይጠቅምሃል» አሉኝ። አመስግኜ ተቀበልኩና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

እንደገዛኋት መጀመሪያ ያደረግኩት የሌባ መከላከያ መግጠም ነው። ከቁልፉ ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ሽቦ ዳሽቦርዱ ሥር ቆርጬ ስውር ማብሪያ ማጥፊያ አስገባሁበት። እሱ ከጠፋ ሌባ ቁልፍ እንኳ ቢያገኝ ሞተር አያስነሳም። ሽቦውን በእጄ ጠምዝዤ፣ በቢጫ ናስትሮ ጠቅልዬ፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ማብሪያው የት እንደተደበቀ እያጎነበስኩ አሳየሁ። ሰፈሩ በሙሉ ካወቀው በኋላ ግን እኔው ረሳሁት፤ ሁልጊዜ በርቶ ስለሚውል የሚያስታውሰኝ ነገር አልነበረም።

ፑንቲና ለማያውቅ ላስረዳ። ማስረዳት ስለምወድ ነው። ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማይበልጡ ሁለት የብረት ጫፎች አሉ። መሐል ያለው ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ሲዞር ይላቀቃሉ፣ ይገናኛሉ። ሲገናኙ የባትሪው 12 ቮልት ኮይሉ ውስጥ ይገባል፤ ሲላቀቁ ኮይሉ ውስጥ የተጠራቀመው የማግኔት ኃይል በድንገት ይፈርስና 20 ሺህ ቮልት ገደማ ሆኖ በካንዴላው ጫፍ ላይ ብልጭ ይላል። ሞተሩ በደቂቃ 3 ሺህ ጊዜ ሲዞር ይህ ነገር በሴኮንድ 100 ጊዜ ይሆናል። ጫፎቹ ስለዚህ ይቃጠላሉ፤ ክፍተታቸውም ከ0.4 ሚሊሜትር ይዛነፋል። ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ካዲላክ ላይ ካመጣው ወዲህ ዓለም ለስድሳ ዓመት ያህል በዚሁ ዘዴ ሲነዳ ኖረ። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ በሚሸጣቸው መኪኖች ላይ በኤሌክትሮኒክ ተካው። እኔም ግማሽ ምዕተ ዓመት ዘግይቼ ልከተል ተነሣሁ።

እውነቱን ለመናገር ፑንቲናዋ ምንም አላደረገችኝም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለክል የሥራ ባልደረቦቼ ቮልሷን «ሙዚየሟ» እያሉ ይቀልዱብኝ ጀመር። ነገሩ ከነከነኝ። ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ በመንገደኛ ሻንጣ የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ እንዲልክልኝ አደረግኩና «የኔም ወደ ኤሌክትሪክ እየተሸጋገረች ነው» አልኳቸው።

ዕቃው ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ በፑንቲናዋ ቦታ የምትገባ ጥቁር ፕላስቲክና ዘንጉ ላይ የሚጠልቅ የማግኔት ቀለበት ነው። ሁለት ሽቦ አለው፤ ቀዩ ኮይሉ ላይ 15 ተብሎ ወደ ተጻፈበት፣ ጥቁሩ 1 ወደ ተጻፈበት ይሄዳል። ወጥመዱ ያለው ቮልሷ የራሷ ሽቦ ላይ ነው፤ ከቁልፉ ወደ 15 የሚመጣው ጥቁር ነው። ጥቁርን ከጥቁር ጋር ያሰረ ሰው ዕቃውን እዚያው ይቀብረዋል። እኔ ከዚህ አምልጫለሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ በትክክል የሠራሁት ብቸኛ ነገር ስለሆነ ይመዝገብልኝ።

ቁልፉን ስጠመዝዝ ወዲያው ተነሣች። በደስታ አሮጌዋን ፑንቲና ከነኮንደንሰሯ ለሰፈር ልጆች መጫወቻ ሰጠሁ። ልብ ያለው ቮልስ ነጂ እሷን ካቻቪቴ ጨምሮባት ወንበር ሥር ያስቀምጣታል፤ ኤሌክትሮኒኩ መንገድ ላይ ቢከዳው በሩብ ሰዓት መልሶ ይገጥማታል።

የመጀመሪያው ዕቃ በእግር ኳስ ምክንያት ሞተ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በኤፍኤም እየተላለፈ ነበር፤ ቤት እንግዳ ስለነበር መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ከፍቼ አዳመጥኩ። የኔ ሬዲዮ ቁልፍ ካልተከፈተ አይሠራም። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ካልተነሣ ደግሞ ከረንቱ ሳይቋረጥ በኮይሉና በዕቃው ውስጥ ይፈስሳል። ጨዋታው ሲያልቅ ኮይሉ ላይ እጄን ማሳረፍ አልቻልኩም፤ መኪናዋም አልተነሣችም። የመመሪያው ወረቀት ሞተር ሳይነሣ ቁልፍ ከፍቶ መተውን በደማቅ ፊደል ይከለክላል። ያነበብኩት ያን ማታ ነው። ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ግን «የላክኸው ዕቃ ጉድለት አለበት» አልኩት። አፍሮ በራሱ ወጪ ሌላ ላከልኝ። ይህን ሳስብ አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

ሁለተኛውን ገጥሜ ብዙም ሳይቆይ አመሏ ተለወጠ። ሞተሪኖው እየዞረ አትነሣም፤ ተስፋ ቆርጬ ቁልፉን ስለቀው ግን በዚያች ቅጽበት ትነሣለች። ምሽት ላይ የፊት መብራትና የዝናብ መጥረጊያ አብሬ ከከፈትኩ ትራፊክ መብራት ጋ ቆማ ትጠፋለች። ቀን በፀሐይ ደህና ናት። እነዚህን ምልክቶች አንድ ላይ አስቀምጦ ትንሽ ያሰበ ሰው የቮልት ማነስ መሆኑን ይደርስበታል፤ ሞተሪኖ ሲዞር የባትሪው ቮልት ይወርዳል፣ ዲናሞ ደግሞ ሞተር በዝግታ ሲዞር የሚሰጠው ኃይል ጥቂት ነው። እኔ ማሰብ ትቼ መግዛት ጀመርኩ።

ሶማሌ ተራ ሄጄ ኮይል ገዛሁ። ከዚያ ካንዴላ፣ ከዚያ የካንዴላ ገመድ፣ ከዚያ የዲስትሪቢውተር ክዳን። በየተራ ጥፋተኛ እያልኩ ያባረርኳቸው ዕቃዎች ሁሉ ደህና ነበሩ። ያ አሮጌ ኮይል አፍ ቢኖረው «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ይለኝ ነበር። ቤንዚኑንም ውኃ አለበት ብዬ ከሰስኩት። ሻጩ አዲሱን ኮይል ሲሰጠኝ «መጀመሪያ አስለክተኸዋል?» ብሎኛል። «ፊዚክስ ተምሬአለሁ» አልኩት። ዝም ብሎ መልሴን ቆጠረልኝ።

አንድ ጊዜ ግን ቀንቶኝ ነበር፤ ይኸው ነው ይበልጥ ያበላሸኝ። የቮልስ ሞተርና ማርሽ ቦዲው ላይ የተቀመጡት በጎማ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ የሚመለሰው ከማርሹ ጫፍ ወደ ቦዲው በታሰረች የሽቦ ሽሩባ ነው። እሷ ከዛገች ከረንቱ ሌላ መመለሻ ፈልጎ በነዳጅና በፍሪሲዮን ገመድ በኩል ያልፋል፤ ገመዱም ይግላል። መኪናዋ ሥር በጀርባዬ ገብቼ አየኋት፤ አረንጓዴ ዝገት በልቷታል። ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኳት፣ ዳዶዋን አጠበቅኩ። ሞተሪኖው በኃይል መዞር ጀመረ፤ መኪናዋም ቶሎ ቶሎ ተነሣች። ያን ሳምንት ያላስተማርኩት ሰው የለም። ሰርግ ቤት ሳይቀር ስለ ግራውንድ ንግግር አድርጌአለሁ። ዝናቡ ሲመጣ፣ ከለገሃር ወደ ፒያሳ ስወጣ፣ ቸርችል ጎዳና ዳገቱ ላይ ድርግም አለች። ከሰርጉ ታዳሚዎች አንዱ በአጠገቤ አለፈ፤ ክላክስ አደረገልኝ።

የባለቤቴን አጎት ነገር ዘልዬ ላልፍ ነበር፤ ግን ኑዛዜ ከተባለ ይነገር። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ ወንበሩ የሽቦ ስፕሪንግ ስላለው ባትሪው መሸፈኛ አለው። እኔ ለመለካት ስነሣ መሸፈኛውን አውጥቼ አልመለስኩትም። አጎታችን ወፍራም ናቸው። ተቀምጠው ጥቂት እንደሄድን «ልጄ፣ የሚቃጠል ነገር አለ» አሉኝ። «የፊት መኪና ጭስ ነው» አልኳቸው። የፊቱ መኪና የኤሌክትሪክ ነበር። ስፕሪንጉ ሁለቱን የባትሪ ጫፎች አገናኝቶ የወንበሩ ሣር መጨስ ጀምሮ ነበር። በውኃ አጠፋነው። ሱሪያቸውን ገዝቼ ተክቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሲጋበዙ በታክሲ ነው የሚመጡት።

በመጨረሻ ባለቤቴ «ወይ ሰው ታሳያለህ፣ ወይ ትሸጣታለህ» አለችኝ። በየቀኑ በራቸው ላይ እያለፍኩ ያልገባሁባቸው አሮጌ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። ማልቲሜትሬን ታጥቄ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ሽቦው ደህና ነው። ከኮይሉ ነቅዬ ለክቼዋለሁ፤ 12.4 ቮልት አለው» አልኳቸው።

«ሥራ ሳትሰጠው ነዋ የለካኸው» አሉ።

ከመሳቢያቸው አንድ አሮጌ የፊት መብራት አምፖል አወጡ፤ ሁለት ሽቦ ተበይዶበታል። አንዱን ከኮይሉ በነቀልኩት ሽቦ ጫፍ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ ነኩት። አምፖሉ በራ፤ ብርሃኑ ግን ደብዛዛና ቢጫ ነበር። የኔን ማልቲሜትር እዚያው እንዳለ አስነኩት፤ 8.9 አለ። ቀጥለው አምፖሉን በቀጥታ ከባትሪው አገናኙት፤ ዓይን የሚያጭበረብር ነጭ ብርሃን ሆነ።

ገባኝ፤ ፊዚክስ መማሬ ለዚህ ጠቀመኝ። ማልቲሜትር የሚወስደው ከረንት ኢምንት ስለሆነ በአንዲት ክር የተንጠለጠለ ሽቦም ሙሉ ቮልት ያሳየዋል። 3 ኦም ያህል የሆነው ኮይል ግን ወደ 4 አምፔር ይጠይቃል፤ ያኔ የዛገው መገናኛ ድርሻውን ይወስዳል። ፑንቲናዋ በዚያች 9 በማትሞላ ቮልትም ደካማ ብልጭታ እየሰጠች ታኖረኝ ነበር። ኤሌክትሮኒኩ ግን ቮልቱ ከልኩ ሲወርድ ጭራሽ ሥራ ያቆማል። አዲሱ ዕቃ ያመጣው በሽታ አልነበረም፤ የድሮውን አልታገሥም አለ እንጂ።

ጋሼ ረዳታቸውን ሽቦውን ተከትሎ እንዲሄድ አዘዙት። ልጁ ዳሽቦርዱ ሥር ገብቶ ጥቂት ቆየና «አገኘሁት! ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ሽቦው በእጅ የተጠማዘዘ ነው፤ ጠቁሯል» አለ። የተጠቀለለበትን ቢጫ ናስትሮ እየላጠ አወጣው።

«ይህን ማነው የሠራው?» አሉ ጋሼ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። «የሸጡልኝ ሰውዬ ናቸው መሰለኝ» አልኩ።

ጋሼ ስማቸውን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «አውቃቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ አይሠሩም ነበር፤ አርጅተው ይሆናል» አሉ። ልጁ ደግሞ ካቻቪቴ ፍለጋ የዕቃ ቦርሳዬን ከፍቶ የቢጫ ናስትሮውን ጥቅል በእጁ ይዞ ቆሟል። ማንም ምንም አላለም።

ጥገናው ቀላል ነበር። ሪሌ አስገቡልኝ፤ 30 ቁጥሩ በፊውዝ በኩል ከባትሪው፣ 87 ወደ ኮይሉ፣ 85 ወደ ቦዲው፣ የቁልፉ ሽቦ ደግሞ 86 ላይ ሪሌውን ለመቀስቀስ ብቻ። ሁሉም ጫፍ ተበየደ። እኔ ባትሪ መብራት ይዤ አበራሁ፤ እሱንም «ወደዚህ አድርግ» እየተባልኩ። የተቀበሉኝ የዕቃውን ዋጋና ለልጁ የሻይ ብቻ ነው። ቮልሷ አሁን ቸርችልን በዝናብ፣ መብራት በርቶ፣ በሦስተኛ ማርሽ ትወጣዋለች።

ቤት ገብቼ ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በሰማያዊ፦ «ከቁልፍ እስከ ኮይል አዲስ ሽቦ ተዘረጋ። አንድ ወጥ፤ መገናኛ የለውም።» ይህን የጻፉት ሊሸጡልኝ ሲሉ ነው።

ጋሼ ሳይነግሯቸው አልቀሩም፤ ጡረተኛው ሰሞኑን ደጋግመው ደውለውልኛል፤ አላነሣሁም። እንግዲህ ይህን ካነበቡት፦ ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ የጠመዘዝኩትም እኔ ነኝ። ናስትሮውም የኔ ነው። ለጋሼ ግን እርስዎ ይንገሩልኝ።