ተራራን ወደ ሳሎን የመጋበዝ ዘዴ

ተራራ ሳይጠሩት ተነስቶ ሰው ቤት አይገባም። ደሴን በመሰለ ከተማ ለሚኖር ሰው ግን ጥሪው አይከብድም። በአንድ ወገን ጦሳ፣ በሌላው አዝዋ ገደል፣ መሃል ለመሃል የቦርከና ወንዝ፤ ከሥር ደግሞ ከዳገቱ እየተናደ ለዘመናት የተጠራቀመ ልል አፈርና ድንጋይ። ግማሹ ሥራ አልቆ ነው የጠበቀዎት።

መጀመሪያ የዳገቱን ግርጌ ይቁረጡ። ለቤት ደልዳላ ቦታ ያስፈልጋል፤ ቁልቁለቱን እንደ ድፎ ዳቦ ገምሰው ቀጥ ያለ የአፈር ግድግዳ ያቁሙ። ላዩን ተሸክሞ የኖረው ያ ግርጌ መሆኑን የሚነግርዎ ጎረቤት ከመጣ፣ «አንተስ ስትሠራ?» ይበሉት። ዝም ይላል፤ እሱም ቆርጦ ነው የሠራው። የተቆፈረውን አፈር በመኪና ማስጫን ገንዘብ መጨረስ ስለሆነ ከታች ካለው ሰው ጣሪያ በላይ ይከምሩት። የድጋፍ ግንብ ካሠሩም ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ አይኑረው፤ መልክ ያበላሻል።

ዋናው ግን ውሃ ነው፤ እዚህ ላይ አይሰስቱ። የጣሪያውን ዝናብ በአሸንዳ ሰብስበው ከጓሮ ይልቀቁት። የሽንት ቤት ጉድጓዱን ከአፋፉ ላይ ያስቆፍሩ፣ አያስለስኑት፤ በጋ ከክረምት ዳገቱን ያጠጣልዎታል። የመንገዱን ቦይ በፌስታልና በግንባታ ፍርስራሽ ይሙሉት። አፈር ውሃ በጠጣ ቁጥር ይከብዳል፤ ውስጡ የገባው ውሃ ደግሞ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የተያያዙበትን ጉልበት ያላላዋል። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርሱ ለዝናቡ የሚቀርለት ትንሽ ነገር ነው። በኋላ ጥፋቱ ሁሉ በዝናቡ ይላከካል፤ ዝናብ ደግሞ አይከሰስም።

ምልክት ሲያዩ አይደንግጡ። በሩ አልዘጋ ካለ አናጢ ጠርተው ያስልጉት። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ያስለስኑት። ባሕር ዛፉ ከዘመመ ለማገዶ ይሁን። ከጓሮ ያልነበረ ምንጭ ከፈለቀማ ጠበል ነው ብለው ያስወሩ።

ተራራ የለኝም ብለው አይዘኑ፤ ይሠራል። አዲስ አበባ ቆሼ ላይ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆሻሻ ስትከምር ኖራ ተራራ አበጀች፤ ድሆች ከሥሩ ጎጆ ቀለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተናደና ከ110 በላይ ሰዎች ገደለ። ክረምቱ ገና ነበር።

ናዳው ሌላ ቤት ላይ ሲወርድ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ አካፋ ይዞ ከሥሩ ይግባ፤ ዳገቱን የሚጠብቅ አንድ ሰው እንኳ አይቁም። ይህን ስጽፍ ፌዙ ይሸሸኛል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ደረሰባቸው። ጎረቤቱ ተቀብሮ ቆሞ የሚያይ ማን አለ?

እርስዎ ግን እዚያ ድረስ መቆየት የለብዎትም። ቤቱን ይሽጡት። በክረምት ገዢ አያስገቡ፤ ጥር ላይ፣ ልስኑ ደርቆ ቀለም ከተቀባ በኋላ፣ ወደ ማታ ያምጡት። ደላላው በረንዳ ላይ ያቁመውና ከታች የሚበራውን ከተማ ያሳየው። ለዕይታው ብቻ ዋጋ ይጨመርበታል።