ካልተመዘገበ አልተሄደም

በእስራኤሏ አሽኬሎን ከእንግዲህ አንድ ሰው በእግሩ ተንሸራሸረ የሚባለው ሳተላይት ሲመሰክርለት ብቻ ነው። ላብ ምስክር አይሆንም፤ አቧራ የጠጣ ጫማም አይበቃም። ደግ አደረጉ፤ እግር ታምኖ!

ሥርዓቱን ለማያውቅ ላስረዳ። ዓርብ ጠዋት አንድ ጎልማሳ ከነቤተሰቡ ከባሕሩ ዳር ብሔራዊ ፓርክ ይደርሳል። የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ የሄደበትን መንገድ የምትይዝ የጂፒኤስ መዝጋቢ ቦርሳው ላይ አንጠልጥሎ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። የሚጸልይ እንዳይመስላችሁ። መሣሪያው ቢያንስ የአራት ሳተላይት ምልክት ካላገኘ ያለበትን በቅጡ አይናገርም፤ እነሱ ደግሞ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። ልጆቹ ይነጫነጫሉ፣ ሚስት ሰዓቷን ታያለች። ማንም ንቅንቅ የለም፤ ሳይመዘገብ የተረገጠ እርምጃ ከንቱ ነዋ!

ከዚያ የጥንቱን ከተማ የከበበው የአፈር ግንብ ላይ ይወጣሉ። ርዝመቱ ከሁለት ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። እዚህ ላይ መንገድ መሳት ልዩ ተሰጥኦ ይጠይቃል፤ ቢሆንም ጥንቃቄ አይከፋም። ከነዓናውያን ከ3,800 ዓመት በፊት ገደማ የሠሩት ባለ ቅስት በርም እዚያው ነው፤ በዓለም ከሚታወቁት የዚህ ዓይነት በሮች ሁሉ ጥንታዊው ነው ይባልለታል። ጎልማሳችን ግን በጥድፊያ ያልፈዋል። ጣሪያ ሥር ምልክት ይዳከማላ።

ዛፍ ጥላ ሥር ቡና ሲፈላም መዝጋቢው ሥራ አይፈታም። ሰውየው ቁጭ ቢልም ምልክቱ በጥቂት ሜትሮች ወዲያ ወዲህ ስለሚዋዥቅ መሣሪያው ያንን ሁሉ እርምጃ ብሎ ይደምርለታል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ ሲያበቃ ርቀቱ ጨምሯል። አባቶቻችን ቡና ቢጠጡ ወሬ እንጂ ኪሎ ሜትር አላተረፉም።

ማታ እንግዳ ሲመጣ መዝጋቢው የሣለው የጉዞ መስመር በኮምፒውተር ይታያል። «ይኸውላችሁ፣ እዚህ ጋ ቆሜ ነበር።» ምን ልታይ? አያስታውስም። አራት ደቂቃ መቆሙን ግን አሳምሮ ያውቃል።

የሰማዩ ምስክር ደግሞ አይዋሽም። እ.ኤ.አ. በ2024 በጦርነት ሳቢያ ምልክቱ ሆን ተብሎ ሲታወክ፣ ቴል አቪቭ የተቀመጡ ሰዎች ስልካቸው ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ናችሁ ብሏቸዋል። ያለ ቪዛ፣ ያለ ትኬት!

በዚህ ሕግ ከሄድን ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል፦ እኛ ቤተ እስራኤላውያን ወላጆቻችን ከኢትዮጵያ ገና አልመጡም ማለት ነው። ከአምቦበር፣ ከወገራ፣ ከጸለምት ተነሥተው፣ ሌሊት እየተጓዙ ቀን ጫካ እየተደበቁ ሱዳን የገቡት ሰዎች አንዲት ፋይል የላቸውም። ወደ እስራኤል የሚያመጣቸው ዘመቻ ሙሴ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1984 ተጀምሮ በጃንዋሪ 1985 እስኪቋረጥ ብዙዎቹን በአውሮፕላን ቢያነሣም፣ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚሆኑት እንዳለቁ ይነገራል። መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል። መስመር ግን የላቸውም። አማካይ ፍጥነታቸውም የሚያሳፍር ነው፤ ሕፃን ያዘለ፣ አሮጊት የደገፈ ሰው ምን ያህል ይፈጥናል? በሱዳኑ ኡም ራኩባ መጠለያ ወራት ሲጠብቁማ መዝጋቢው «እንቅስቃሴ የለም» ብሎ ራሱን ባጠፋ ነበር።

ደግሞስ ምን ያደርግላቸዋል? ለእነሱ ዱካ መተው መያዝ ነበር። ዱካውን ሲያጠፋ የኖረ ሰው፣ ዱካውን የሚሰበስብ ልጅ ወለደ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ባትሪ ከተረፈህ ገና ያልተሣለ መስመር አለልህ። አያትህ ዘንድ ሂድ። አንገረብ ወንዝን በየት በኩል እንደተሻገሩ፣ ስንት ሌሊት እንደተጓዙ፣ ማንን የት ቀብረው እንዳለፉ ጠይቃቸውና ካርታው ላይ አስፍር። ሳተላይት እስኪገኝ ግን አትጠብቅ፤ እሳቸው ሰማንያ አልፏቸዋል።