ቀን የማንም፣ ሌሊት የእኛ፦ ስለ አቀስታ ውሻ የቀረበ ጥናት

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ መንገደኛ ስለ ብርዱ፣ ስለ ገብሱና ስለ በጉ ብዙ ይሰማል። መንገድ ዳር አመድ ላይ ተጠቅልሎ ስለተኛው ጥንታዊ ዝርያ ግን ትንፍሽ የሚልለት የለም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተዘጋጀ ነው። ዝርያው እስካሁን ሳይንሳዊ መጠሪያ አልወጣለትም። በአካባቢው ከሩቅ ሲታይ «ውሻ»፣ ቀረብ ሲል «ክድ!» ይባላል።

ለንጽጽር ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ1911 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የውሾች ፌዴሬሽን እስካሁን ከ350 በላይ ዝርያዎችን ዕውቅና ሰጥቷል። ከእነዚህ መካከል የኮንጎው ባሰንጂ ይገኝበታል። ባሰንጂ እንደ ሌላው ውሻ አይጮህም፤ ያንጎራጉራል። እ.ኤ.አ. በ1937 እንግሊዝ አገር በክራፍትስ የውሾች ትርኢት ቀርቦ አድናቂ አፍርቷል። የአቀስታው አቻው ለዚህ ክብር ያልበቃበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ይጮሃል፤ የሚጮኸውም ሰው እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ነው።

የዘር ሐረጉን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የዘረመል ጥናት ብርሃን ይፈነጥቃል። ተመራማሪዎቹ በግብጽ፣ በኡጋንዳና በናሚቢያ የመንደር ውሾችን ደም መርምረው፣ አብዛኞቹ ከፈረንጅ ውሻ የተዳቀሉ ሳይሆኑ የጥንት አፍሪካዊ ዘር የያዙ መሆናቸውን አረጋገጡ። በአንጻሩ በውድ ዋጋ የሚሸጠውና ስሙን ከፈርዖን የወሰደው «የፈርዖን ውሻ» ዘሩ ሲቆጠር ከአፍሪካ ውጭ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የምንረዳው፣ የዘር ሐረግ ወረቀት ያለው ዘሩን ሲያጣ ዘሩ ያለው ወረቀት እንዳላገኘ ነው። የአገራችን አንባቢ ለዚህ ክስተት እንግዳ ስላልሆነ ማብራሪያ አያሻም።

ቁመናውን ለመለካት የተደረገው ሙከራ የአሠራር ችግር ገጥሞታል። ውሻን ለመለካት ሜትር ይዞ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ጎንበስ ሲባል ናሙናው ይጠፋል። ይህ ምላሽ ከሁሉም የዝርያው ባሕርያት ይልቅ የጸና ነው፤ ጎንበስ ያለው ሰው ጫማውን የሚያስር ይሁን የወደቀ ሳንቲም የሚያነሳ፣ በአካባቢው ድንጋይ ይኑር አይኑር ለውጥ አያመጣም። ቡችላው ገና ድንጋይ ሳይቀምስ ከእናቱ ሽሽት ይማራል። ስለዚህ በዓይን ግምት ብቻ፦ መካከለኛ ቁመት፣ አጭር ጠጉር፣ ወደ ላይ የተቆለመመ ጅራት፤ መልኩ ዳማ፣ ቡላ ወይም ጥቁር፤ ጆሮው የቆመ፣ አንዳንዴም «ኃይለኛ እንዲሆን» ተብሎ የተቆረጠ።

አመጋገቡ ሥነ ማኅበራዊ ጠቀሜታ አለው። በወሎ ከተሞች የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ቤት ለየብቻ ነው፤ ሰውም በየራሱ ይበላል። ውሻው ግን ሁለቱንም በእኩል ዓይን ያያል። በሁዳዴ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሲዘጋ ከእስላሙ በር ይገኛል። ጾሙ ሲፈታ ሁለቱን በተራ ይጎበኛል። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ከመስጊድ ግቢም በእኩል ፍጥነት ስለሚባረር፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመወሰን የሚያስችል ማስረጃ አልተገኘም። ቤት ውስጥ የሚደርሰው የእንጀራ ቁራሽና የገብስ ቂጣ ፍርፋሪ ነው፤ እሱም ዶሮ ካልቀደመው።

ወደ ዋናው ግኝት እንለፍ። ሌሎች ዝርያዎች በአፍንጫ፣ በጠጉር ወይም በጅራት ይለያሉ። የአቀስታው ውሻ የሚለየው በባለቤትነት ሥርዓቱ ነው። ሌሊት ባለቤት አለው፤ ቀን የለውም።

ማታ ጅብ ከጉሮኖው ዙሪያ ሲያንዣብብ፣ ባለቤቱ ባናውን እንደተከናነበ ከውስጥ ሆኖ «ያዝ አንበሳው! በለው የኔ ጀግና!» እያለ ያደፋፍራል። በማግስቱ በግ ያልጎደለው ሰው፣ «የኔ ውሻ እኮ» እያለ ለጎረቤት ያወራል። ያው ውሻ ረፋድ ላይ መንገደኛ ሲነክስ፣ ያው ሰው «የማን ውሻ ነው? የሠፈር ነው መሰለኝ» ይላል። «አንበሳው» የሚለው ስም ፀሐይ ስትወጣ ይገፈፋል።

በቀንና በሌሊት መካከል የምትገኘው የአመሻሽ ሰዓት በተለይ ትጠናለች። እንግዳው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ዱላውን እያጠበቀ «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ይላል። ከውስጥ «ግቡ! አይነካም!» የሚል መልስ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ውሻው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ጥርሱን አግጦ ይገኛል። «አይነካም» የሚለው ቃል መረጃ ሳይሆን የእንግዳ አቀባበል አካል መሆኑን ጥናቱ አረጋግጧል። እንግዳውም ይህን ስለሚያውቅ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም።

ሥርዓቱ ጉዳት አልባ ቢሆን ኖሮ ጥናቱ እዚህ ላይ ባበቃ። መካነ ሰላም አካባቢ ባለው በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ የውሻው የሥጋ ዘመድ ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003 እና በ2008 በባሌ ተራሮች ከውሻ የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን በመንጋ ፈጅቷል። በዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በባሌ ለቀበሮው ክትባት በሥጋ ተጠቅልሎ ይቀርብለታል። በሽታው የሚነሣበት ውሻ ግን አሁንም የሚቀርብለት ድንጋይ ነው። ሰውም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ በሰው ላይ ከሚታየው በሽታ እስከ 99 በመቶው መነሻው ውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። መከላከያው አስቀድሞ ውሻውን ማስከተብ ነው፤ ውሻ ለማስከተብ ደግሞ ባለቤት ያስፈልጋል። ክትባት የሚሰጠው በቀን ነው።

ስለሆነም ጥናቱ አንድ ምክረ ሐሳብ ብቻ ያቀርባል። የእንስሳት ሕክምና ባለሙያው በየመንደሩ ሲዞር «ይህ ውሻ የማን ነው?» ብሎ መጠየቁን ይተው፤ መልሱ ይታወቃል። ይልቁንም ሰው በተሰበሰበበት «ትናንት ሌሊት ጅቡን የመለሰው ጀግና የማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ለአንድ ውሻ ቢያንስ ሦስት ባለቤት ይገኛል።